የተራራ ብስክሌትን ለአስፋልት፦ ጎማ ከመለወጥ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ፍላቂት፦ የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ፍላቂት፣ ከወልድያ ተነስቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚደርሰው ዋና መንገድ አቋርጧት የሚያልፍ የደጋ ከተማ ናት። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት ይህ መንገድ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠሉት መንገዶች ግን በአብዛኛው ጠጠርና አፈር ናቸው። በመሆኑም በዚህ አካባቢ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት መንገድ ሊያጋጥመው ይችላል።

በክልሉ ከተሞች በብዛት ከሚታዩት ብስክሌቶች አንዱ በተለምዶ «ማውንቴን» የሚባለው የተራራ ብስክሌት ነው። አካሉ ጠንካራ፣ ማርሹ ለዳገት የተመቸ፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ይህ ብስክሌት ከጧት እስከ ማታ አስፋልት ላይ ሲውል ነው። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራው ጥርስ የነጂውን ጉልበት ይበላል፤ ራሱም ቶሎ ያልቃል።

መፍትሔው ብስክሌቱን ሳይሆን ጎማውን መለወጥ ነው። ይሁን እንጂ ለውጡ ያለ ዕውቀት ከተደረገ ሁለት ስህተቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ከቸርኬው ጋር የማይገጥም ጎማ መግዛት ነው፤ ይህ ገንዘብ ያባክናል። ሁለተኛው ለአስፋልት ተብሎ ከሚገባው በላይ ቀጭን ጎማ መምረጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በኮረኮንችና በቁልቁለት ላይ ለአደጋ ያጋልጣል። ለከተማ መንገድ ዋናው ነገር የጎማው መቅጠን ሳይሆን መለስለሱና በቂ ነፋስ መያዙ ነው።

ጥርስ ለምን ጉልበት ይበላል?

ነገሩን ከእርሻ ማሳ በመነሣት መረዳት ይቻላል። የትራክተር የኋላ ጎማ ረጃጅም ጥርሶች አሉት። ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ጥርሶቹ አፈሩን ጨብጠው ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፉታል። ያው ትራክተር አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ጥርሶቹ የሚገቡበት አፈር የለም። የትራክተሩን ክብደት ተሸክመው ይጎብጣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይፋቃሉ።

በተራራ ብስክሌት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ጥርስ ይታጠፋል፤ ተመልሶም ይቃናል። ላስቲክ ሲታጠፍና ሲቃና ከተቀበለው ኃይል የተወሰነውን ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክነዋል። ያ ኃይል የመጣው ከነጂው እግር ነው። ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ የሚያሰማው የማጉረምረም ድምፅም የዚሁ ብክነት ምልክት ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። በመታጠፊያ ላይ ብስክሌቱ ሲያዘነብል አስፋልቱን የሚነኩት ጥቂት የጎን ጥርሶች ብቻ ናቸው። እነዚህም ስለሚታጠፉ ጎማው በጥቂቱ ይዋልላል። ልሙጥ ጎማ በአንጻሩ ሰፋ ባለ ገላው አስፋልቱን ስለሚነካ ደረቅ መንገድ ላይ የተሻለ ይይዛል።

ልሙጥ ጎማ በዝናብ አያንሸራትትም?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያነሳው የመኪናን ልምድ ይዞ ነው። ጥርሱ ያለቀ የመኪና ጎማ በዝናብ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ በፍጥነት ሲሄድ ውኃው ማምለጫ አጥቶ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ መኪናው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በጎማው ላይ የተቀረጹት ቦዮች የተሠሩት ውኃውን ለማስወጣት ነው።

የብስክሌት ጎማ ጠባብ ነው፤ ቅርጹ ክብ ነው፤ የያዘው ነፋስም ከመኪናው ይበልጥ የታመቀ ነው። ስለዚህ ውኃውን እንደ ጀልባ አፍንጫ ወደ ጎን ይከፍለዋል። ለአውሮፕላን ጎማ በተሠራው ስሌት ቢገመት እንኳ፣ 50 ፒ.ኤስ.አይ ነፋስ የያዘ ጎማ በውኃ ላይ ለመንሳፈፍ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ይኖርበታል። በከተማ ውስጥ ብስክሌት በዚህ ፍጥነት አይነዳም።

ይህ ማለት ግን ዝናብ አያሰጋም ማለት አይደለም። እርጥብ አስፋልት ከደረቁ ያነሰ ይይዛል። የተቀባ የመንገድ መስመር፣ ከመኪና የፈሰሰ ዘይት፣ ከእንስሳት ኮቴና ከትራክተር ጎማ የረገፈ ጭቃ ለጥርሳሙም ለልሙጡም እኩል አንሸራታች ናቸው። በክረምት ፍጥነት መቀነስና ፍሬን ቀደም ብሎ መያዝ ከየትኛውም ጎማ የተሻለ መከላከያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ልሙጥ ሆኖ የተሠራ ጎማና ጥርሱ አልቆ የለሰለሰ ጎማ አንድ አይደሉም። ያለቀ ጎማ ላስቲኩ ስስ ነው፤ የውስጡ ክር ሊታይ ይችላል፤ በቀላሉም ይበሳል። ልሙጡ ጎማ ግን ሙሉ የላስቲክ ውፍረት አለው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር

ጎማ ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበት የመጀመሪያ ሥራ በአሮጌው ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይታያል። አንደኛው በኢንች የተጻፈ ነው፤ ለምሳሌ 26 × 1.95። ሁለተኛው በሚሊ ሜትር የተጻፈ ነው፤ ለምሳሌ 50-559።

የሚያስተማምነው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር የጎማውን ስፋት ያመለክታል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ዲያሜትር ይናገራል። ስፋቱ በተወሰነ መጠን ሊለወጥ ይችላል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሊዛነፍ አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት መጠኖች የሚከተሉት ናቸው።

559፦ 26 ኢንች ሆኖ ስፋቱ በነጥብ የሚጻፍ፣ ለምሳሌ 26 × 1.5 ወይም 26 × 1.95። ለረጅም ጊዜ የተራራ ብስክሌቶች ዋና መጠን ሆኖ የቆየው ይህ ነው።

584፦ 27.5 ኢንች የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማ።

622፦ 29 ኢንች የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማና 700ሲ የሚባለው የመንገድ ብስክሌት ጎማ። ሁለቱ ስማቸው ቢለያይም የቸርኬያቸው ዲያሜትር አንድ ነው።

590፦ 26 ኢንች ሆኖ ስፋቱ በክፍልፋይ የሚጻፍ፣ ማለትም 26 × 1 3/8።

635፦ 28 × 1 1/2፤ ባለ ቀጥ ያለ አካልና ባለ ትልቅ ጎማ በሆኑት የድሮ ብስክሌቶች ላይ የሚገኝ።

ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚሳሳትበት 559ና 590 ናቸው። ሁለቱም «26» ተብለው ይሸጣሉ። ባለ ክፍልፋዩ ጎማ ቀጭን ስለሆነ «ለአስፋልት የሚሆነው ይሄ ነው» ተብሎ ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን ከተራራው ብስክሌት ቸርኬ በ31 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ቢገጠምም ይወልቃል። ለማስታወስ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ በነጥብ የተጻፈ ስፋት በነጥብ ይተካል፤ በክፍልፋይ የተጻፈ በነጥብ አይተካም።

ይህ መዘበራረቅ ታሪክ አለው። አየርላንድ ውስጥ ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በነፋስ ለሚሞላው የብስክሌት ጎማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የየራሱን መጠን አወጣ። አሜሪካ ውስጥ ሽዊን የተባለው ፋብሪካ በ1933 ወፍራም ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በ1970ዎቹ የካሊፎርኒያ ወጣቶች እነዚያን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠገኑ ከተራራ ቁልቁል መንዳት ጀመሩ። የዛሬው የተራራ ብስክሌት የተወለደው ከዚያ በመሆኑ፣ ባለ 559ኙን ቸርኬ ወርሶ ቀረ። የእንግሊዞች 26 ኢንች ደግሞ ሌላ መጠን ነበር።

ፍላቂት ላይ የሚፈለገው ጎማ ጠፍቶ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄድ ሰው ማስገዛት ካስፈለገ፣ «ሃያ ስድስት ግዛልኝ» ብሎ መላክ አይበቃም። የሚሊ ሜትሩን ቁጥር ሙሉውን በወረቀት ጽፎ ወይም የጎማውን ጎን በስልክ ፎቶ አንስቶ መስጠት ይገባል። የተሳሳተ ጎማ ለመመለስ የሚወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?

ቀጭን ጎማ ሁልጊዜ ይፈጥናል የሚለው እምነት ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ነው። ዛሬ ግን ኢትዮጵያዊው ጽጋቡ ግርማይ የተሳተፈበት ቱር ደ ፍራንስ እንኳ በዚህ ጉዳይ ተለውጧል። ቀደም ሲል ተወዳዳሪዎች 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ይሮጡ ነበር፤ አሁን 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱም መንገድ መስታወት አይደለም። ጎማው ጉብታውን መዋጥ ካልቻለ ብስክሌቱና ነጂው ይዘላሉ፤ በዚያ መዝለል ጉልበት ይባክናል።

አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ጉድጓድ በሚያበጅበት፣ የከተማ ውስጥ መንገድ በኮብል ስቶን በተነጠፈበት፣ ቤት ለመድረስም ኮረኮንች በሚያቋርጡበት ደጋ ለ26 ኢንች ቸርኬ የሚመረጠው ከ1.5 እስከ 1.75 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ነው። ይህም ከ38 እስከ 47 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መካከሉ ልሙጥ ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ አጫጭር ጥርሶች ያሉት ዓይነት ከተገኘ የበለጠ ይስማማል። አስፋልት ላይ ልሙጡ መካከሉ ይሽከረከራል፤ አፈር ላይ ሲያዘነብል የጎን ጥርሶቹ ያግዛሉ።

ከ1.25 ኢንች በታች የሆነ ጎማ ግን ለዚህ አካባቢ አይመከርም። የተራራ ብስክሌት ቸርኬ ሰፊ ነው። የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ከ28 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያለ ጎማ ሊይዝ ይችላል። የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀጭን ጎማ ቅርጹን ያጣል፤ ጉድጓድ ሲመታም ቸርኬው ራሱ ይጎዳል። ቸርኬ ሲጣመም የሚወጣው ወጪ ከጎማው ይበልጣል።

ጎማው ሲቀጥን ብስክሌቱም ዝቅ ይላል። ከ2.1 ወደ 1.5 ኢንች ሲወረድ ብስክሌቱ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ በመታጠፊያ ላይ ፔዳሉ መሬት እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ማርሹ በጥቂቱ ይቀላል፤ ዳገት ላይ ይህ ጥቅም ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ጎማ ብቻ ከበቃ ልሙጡን ከኋላ መግጠም ይሻላል። አብዛኛው የነጂው ክብደት የሚያርፈው ከኋላ በመሆኑ የጉልበት ቁጠባው እዚያ ይበልጣል። የፊቱ ጥርሳም ጎማ ደግሞ ኮረኮንች ላይ መሪውን ይይዛል።

ካላማዳሪያና ነፋስ

ጎማው ሲለወጥ ካላማዳሪያውም መታየት አለበት። ለ2.1 ኢንች ጎማ የተሠራ ካላማዳሪያ 1.5 ኢንች ጎማ ውስጥ ሲገባ ሊታጠፍና ሊጨማደድ ይችላል። የታጠፈበት ቦታ እየተፋቀ ይቀደዳል። በካላማዳሪያው ላይ ወይም በማሸጊያው ላይ የሚስማማው ስፋት ስለሚጻፍ ያንን ማመሳከር ነው። የቫልቩ ውፍረትም ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት። እንደ መኪና ያለው ወፍራም ቫልቭ ለቀጭን ቫልቭ በተበሳ ቀዳዳ አይገባም።

የነፋሱ መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን ነው፤ ሁልጊዜ እስከዚያ መሙላት አያስፈልግም። ክብደቱ ወደ 60 ኪሎ ግራም ለሆነ ነጂ 1.5 ኢንች ጎማ ከ45 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ ባለው መካከል ይስማማዋል። ከኋላ ትንሽ ከፍ፣ ከፊት ትንሽ ዝቅ ይደረጋል። ጭነት ከኋላ ሲጫን ይጨመራል። ነፋሱ ካነሰ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ልሙጥ ጎማ ገጥሞ በድሮው የነፋስ መጠን መንዳት የለውጡን ጥቅም ያስቀራል።

የደጋው ብርድም ድርሻ አለው። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ 50 ፒ.ኤስ.አይ የያዘ ጎማ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ያጣል። ካላማዳሪያ በራሱም ጊዜ ቀስ እያለ ነፋስ ስለሚያስወጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት ተገቢ ነው።

ነፋስ ከጎሚስታ ሲሞላ ጥንቃቄ ይሻል። የጎሚስታው መሙያ ለጭነት መኪና የተዘጋጀ ነው። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው ነፋስ ጥቂት በመሆኑ በሰከንዶች ውስጥ ከወሰኑ ያልፋል፤ ይፈነዳልም። ጥቂት ጥቂት እየለቀቁ፣ በየመሐሉ እየለኩ መሙላት ያስፈልጋል። የእጅ ፖምፓ ካለ ይመረጣል።

አገጣጠሙ

ሥራው ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የፍሬኑ ሽቦ ይላቀቃል፤ ዳዶው ተፈትቶ ጎማው ከነቸርኬው ይወጣል። ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ከዚያ የጎማው ሁለቱም ጠርዝ በእጅ እየተጫነ ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ ክፍል ይገፋል። መካከሉ ጠባብ ዙሪያ ስላለው ጠርዙ እዚያ ሲገባ ይላላል፤ ለማውጣትም ይቀላል። ብዙዎች ይህን ሳያደርጉ በካቻቢቴ ይፈለቅቃሉ፤ ስለቱም ካላማዳሪያውን ይወጋል። ጫፉ የተዶለዶመ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይሻላል።

ቸርኬው ባዶ ሲሆን የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ጥብጣብ በቦታው መኖሩ ይታያል። ከተቀደደ ይለወጣል፤ አለበለዚያ ከፍ ያለ ነፋስ ሲሞላ የራጂው ጫፍ ካላማዳሪያውን ይበሳል። በአዲሱ ጎማ ጎን የአቅጣጫ ቀስት ካለ ወደ ፊት እንዲያመለክት ይደረጋል።

የጎማው አንዱ ጠርዝ ይገባል። ካላማዳሪያው ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ጥቂት ነፋስ ይሞላና ሳይጠማዘዝ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ተጀምሮ በአውራ ጣት እየተገፋ ቫልቩ ጋ ይጨረሳል። ቫልቩ ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ይለቀቃል፤ ይህም ካላማዳሪያው በጠርዙ ሥር እንዳይቆነጠጥ ይረዳል።

ነፋሱ እስከ ግማሽ ተሞልቶ ጎማው ይዞራል። በጎማው ጎን ከቸርኬው አጠገብ ያለችው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል መታየት አለባት። አንድ ቦታ ከጠለቀች ወይም ካበጠች ነፋሱ ተለቅቆ ይስተካከላል። እኩል ከሆነ ሙሉ ነፋስ ይሞላል።

ከመንዳት በፊት

የተላቀቀው የፍሬን ሽቦ መልሶ መገጠሙን፣ ዳዶዎቹ መጥበቃቸውንና የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን አለመንካቱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ በሜዳ ላይ፣ በዝግታ ይሁን። ልሙጥ ጎማ ያለው ብስክሌት ከለመዱት በላይ ስለሚፈጥን ፍሬኑ የሚያቆምበትን ርቀት እንደገና መላመድ ያስፈልጋል።

ከደጋው ተነስቶ በድልብ በኩል ወደ ወልድያ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ነፋሱን አስፍቶ ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል። የፊትና የኋላ ፍሬንን እያፈራረቁ መያዝ፣ በየመሐሉም ቆሞ ማቀዝቀዝ ይገባል። አስፋልቱ ዳር ላይ የተበተነ ጠጠር ሲያጋጥም ፍሬኑ ከጠጠሩ በፊት ይያዛል፤ ጠጠሩ ላይ መሪው ቀጥ ይደረጋል።

አሮጌው ጥርሳም ጎማ ካላለቀ መጣል የለበትም። ከፀሐይ ተከልሎ፣ በደረቅ ቦታ ተሰቅሎ ይቀመጥ። ክረምት ገብቶ የገጠሩ መንገድ ዋልካ ሲሆን ልሙጡ ጎማ መያዣ ያጣል። በሥራው ምክንያት በክረምት ወደ ቀበሌ የሚወርድ ባለሙያ በሰኔ ጥርሳሙን፣ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ልሙጡን መግጠም ይችላል። አሠራሩን አንዴ ለለመደ ሰው ሁለቱን ጎማ መለወጥ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ሁለቱም ጥንድ ዕድሜያቸው ይረዝማል።